አገዳ ቆርቁርን በምን እንከላከል? ለሰሜን ሸዋ ማሽላ፣ በቆሎና ሸንኮራ አብቃዮች የአማራጮች ንጽጽር

ኅዳር ሲገባደድ፣ በቀወት ቆላ የማሽላው ዛላ ተቆርጦ ወደ አውድማ ከተጓዘ በኋላ፣ ማሳ ላይ ከቀረው አገዳ አንዱን አንሥቶ በቢላ ከላይ እስከ ታች መሰንጠቅ አገዳ ቆርቁር ስለሚባለው ተባይ ብዙ ያስተምራል። ከውጭ ጤነኛ የመሰለው አገዳ ውስጡ ተቦርቡሮ፣ ቦዩ ቀልቶ፣ የትሉ ኩስ እንደ እርጥብ ሰጋቱራ ተጠቅጥቆበት ይታያል። ወደ ሥሩ ሲወርዱ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ አንጓዎች በአንዱ ውስጥ ነጣ ያለች ትል ሳትንቀሳቀስ ተኝታ ትገኛለች፤ በጣት ሲነኳት ትንሽ ትጠማዘዛለች እንጂ አትሸሽም። ደረቁን ወራት በእንቅልፍ እያሳለፈች ነው። እስከ ስድስት ወር ድረስ በዚሁ ሁኔታ ልትቆይ ትችላለች፤ ዝናቡ ሲመጣ ፑፓ ወደሚባለው ደረጃ ተለውጣ፣ ከዚያም የእሳት ራት ሆና ወጥታ፣ አዲስ በበቀለው ማሽላ ወይም በቆሎ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች።

ለዚህች ትል መፍትሔ ተብሎ የሚነገረው ብዙ ነው። አንዱ የሚረጭ ኬሚካል ግዛ ይላል፤ ሌላው በማሳው ዙሪያ ሣር ትከል፤ ሌላው የኒም ፍሬ ወቅጠህ ጨምር፤ ሌላው አገዳውን አቃጥለው። ገበሬውም ሆነ ከከተማ ሆኖ ለወላጆቹ መድኃኒት ገዝቶ የሚልክ ልጅ ገንዘቡንና ጉልበቱን በየትኛው ላይ ቢያውል እንደሚሻል ለመወሰን ይቸገራል። የእኔ አስተያየት ከወዲሁ ይታወቅ፦ በእኛ አካባቢ ምርጫውን የሚወስነው ዋናው ጥያቄ አገዳው ከአዝመራ በኋላ ለምን ይፈለጋል የሚለው ነው። ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ወይስ ለቤት ግድግዳ? ይህ ሳይመለስ ስለ መድኃኒት ጥንካሬ መከራከር ብዙም አያራምድም።

መጀመሪያ ተባዩ ይለይ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር አልፎ ወደ ደብረ ሲናና ሸዋሮቢት የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ይገባል። የአገዳ ቆርቁሩም ዓይነት ከዚህ ከፍታ ጋር ይለዋወጣል። 1,280 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለችው ሸዋሮቢት ባለ ሞቃት ቆላ የሚስማማው ቺሎ ፓርቴለስ የተባለው ነጠብጣባም ቆርቁር ነው። ይህ ዝርያ ከእስያ የመጣ ሲሆን በአፍሪካ መጀመሪያ የተመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 በማላዊ ነው። በወይና ደጋው ደግሞ የአፍሪካ ተወላጅ የሆነው ቡሴዎላ ፉስካ ይበረታል። የመጀመሪያው ትል በጀርባው ላይ የጠቆሩ ነጠብጣቦች በመስመር ተደርድረውበታል፤ ሲያድግ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሁለተኛው ሮዝ ወይም ግራጫ ያዘለ ነጭ ሲሆን ነጠብጣቡ እምብዛም አይጎላም፤ እስከ 40 ሚሊ ሜትርም ያድጋል።

ለቁጥጥር የሚጠቅመው ልዩነት ግን እንቁላሉ ያለበት ቦታ ነው። ነጠብጣባሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ እንቁላሉን ቅጠሉ ላይ ስለሚጥል በዓይን ሊታይ ይችላል፤ ቡሴዎላ ግን እንቁላሉን በቅጠሉ እቅፍና በአገዳው መካከል ደብቆ በረድፍ ስለሚያስቀምጥ ቅጠሉን ገልጦ ያላየ ሰው አያገኘውም። በሁለቱም ዘንድ የተፈለፈሉት ትናንሽ ትሎች በመጀመሪያ ወደ ተክሉ እንብርት፣ ማለትም አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ ወደሚወጣበት ጎድጓዳ ቦታ ይወጣሉ፤ እዚያ ቅጠል ሲፋፉ ይሰነብቱና ጠንከር ሲሉ አገዳውን በስተው ይገባሉ።

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ጋር ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እሱም እንብርት ውስጥ ይበላል። መጤ ተምቹ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት፣ ወደ ጭራው አካባቢ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት፤ ቅጠሉንም ሸርክቶ ይበላል። አገዳ ቆርቁር ግን በቅጠሉ ላይ በመስመር የተሰለፉ ትናንሽ ቀዳዳዎችና እንደ መስተዋት ሳስተው ብርሃን የሚያሳልፉ ቦታዎችን ይተዋል፤ ቆይቶም የመሃሉ ቅጠል ይደርቃል፤ ሲስቡትም በቀላሉ ተመዝዞ ይወጣል።

አማራጮቹ የሚመዘኑበት መስፈርት

አምስት ጥያቄዎችን እንጠቀማለን። አማራጩ ትሉን የሚያገኘው በየትኛው የሕይወት ደረጃ ላይ ነው? የሚጠይቀው ጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ ጉልበት? አገዳውን ለሌላ ጥቅም ያተርፋል? ለሰው፣ ለከብትና ለንብ ምን ያህል አደገኛ ነው? አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢያደርገው ይሠራል ወይስ ጎረቤትም መተባበር አለበት? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የእሳት ራት ግን የማሳ ድንበር አታውቅም።

ኬሚካል መርጨት

ኬሚካል ፈጣን ነው፤ የሚሠራበት መስኮት ግን ጠባብ ነው። ትሉ ከተፈለፈለ በኋላ እንብርት ውስጥ የሚቆይባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ናቸው ለመድኃኒቱ የተጋለጠባቸው። አገዳው ውስጥ ከገባ ላዩ ላይ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ከማሽላው መካከል የመሃል ቅጠላቸው የደረቀ ተክሎችን ሲያይ ደንግጦ፣ መለያ ጽሑፉ ግማሹ የተላጠ ጠርሙስ ከአንድ ሻጭ ገዝቶ ማሳውን በሙሉ ረጨ። ከሳምንት በኋላ ከደረቁት አንዱን ነቅለን ስንሰነጥቀው ትሉ በሕይወት ነበር፤ ቅጠሎቹ ላይ የነበሩት ጠቃሚ ነፍሳት ግን አልቀዋል። የደረቀ የመሃል ቅጠል ጉዳቱ ቀደም ብሎ መድረሱን ይናገራል እንጂ አሁን እርጩ የሚል ምልክት አይደለም።

ስለዚህ ኬሚካልን የሚመርጥ ሰው ከበቀለ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ ማሳውን መቁጠር ይኖርበታል። ከማሳው አምስት ቦታዎች ላይ ሃያ ሃያ ተክል፣ በድምሩ መቶ ተክል እንብርቱን ከፍቶ ማየት ይበቃል፤ ከመቶው አሥርና ከዚያ በላይ የተበሱ ቅጠሎች ወይም ትናንሽ ትሎች ካሉባቸው መርጨት ዋጋውን ሊመልስ ይችላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ቆይቶ እንደገና መቁጠር ይሻላል። የሚረጨውም ወደ እንብርቱ አቅጣጫ እንጂ በማሳው ላይ እንደ ዝናብ አይደለም። በቁንጥር ወደ እንብርቱ የሚጨመሩ ደቃቅ እንክብሎች ከሚረጨው ያነሰ መጠን ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን ተክሉን አንድ በአንድ መዞር ግድ ስለሆነ ከአንድ ጥማድ በላይ ላለው ሰው አድካሚ ናቸው።

በአገራችን ፀረ ተባይ የሚመዘገብበትና የሚቆጣጠሩበት አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥን ይከለክላል፤ ስለዚህ ገዢው በጠርሙሱ ላይ የሰብሉን ዓይነት፣ የሚበጠበጥበትን መጠን፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀንና ከርጭት እስከ አጨዳ ያለውን የጥበቃ ቀናት ማንበብ አለበት። ይህ ሁሉ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ዋጋው ቢረክስም መተው ነው። ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና ረጅም ልብስ ሳይኖር መርጨት፣ ባዶውን ጠርሙስም ለዘይት ወይም ለውኃ መያዣ ማዋል በየገበሬው ቤት የሚታይ አደጋ ነው። ለንብ ያለው ስጋት ደግሞ ማሽላው ሲያብብና በቆሎው ዘንግ ሲያወጣ ይከፋል።

አገዳውን ማስተካከል

በእኔ ግምት ከሁሉም የላቀው፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የሚናቀው አማራጭ ይህ ነው። ከላይ የተሰነጠቀው አገዳ እንዳሳየው የመጪው ዓመት የእሳት ራት የሚወጣው በያዝነው ዓመት አገዳና ጉቶ ውስጥ ከተኛው ትል ነው። ትሉ አምልጦ መሄድ በማይችልበት፣ ቦታው በትክክል በሚታወቅበት፣ ገበሬውም ከሌላው ወቅት ትንሽ ፋታ በሚያገኝበት ጊዜ መምታት ማለት ነው። ኬሚካል የጥቂት ቀናት መስኮት ሲሰጥ ይህ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለውን ጊዜ ይሰጣል።

እንዴት እንደሚደረግ ግን አገዳው በሚፈለግበት ጥቅም ይለያያል። ለመኖ የሚፈለግ ከሆነ ተቆርጦ ወዲያውኑ አቁሞ ማሰርና መከመር ለትሉ ምቹ መጠለያ መሥራት ነው። ከዚያ ይልቅ አገዳውን ማሳው ላይ በስሱ አጋድሞ ለአራት ሳምንት ያህል ለፀሐይ መተው ይበጃል፤ ከፀሐዩ ሙቀትና ከድርቀቱ የተነሣ በውስጡ ያለው ትል እጅግ አብዛኛው ይሞታል። ከዚያ በኋላ ይከመራል። ይህን የሚያበላሸው ልቅ ግጦሽ ነው፤ ዛላው እንደተነሣ የመንደሩ ከብት ይለቀቅና ቅጠሉን በልቶ ግንዱን ረግጦ ይተወዋል፤ ባለቤቱም አገዳው ሳይበላበት ለመድረስ ቸኩሎ በሁለተኛው ቀን ይከምረዋል። እውነቱን ለመናገር የአራት ሳምንቱ ምክር የሚሠራው አንድ ሰው ማሳውን ሲጠብቅ፣ ወይም አገዳው ወደ ጓሮ ተጓጉዞ አጥር ውስጥ ሲሰጣ ነው።

ለአጥር፣ ለግድግዳ ወይም ለማገዶ የሚፈለገውን አገዳ በተመለከተ በናይጄሪያ የተፈተነ አንድ ብልሃት አለ። ቅጠሉ ደርቆ ግንዱ ግን ገና እርጥበት እያለው በቀላል እሳት ማለብለብ ነው፤ ቅጠሉ ብቻ ሲነድ ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ትል ይገድላል፤ ግንዱ ግን ለሥራ የሚውል ሆኖ ይተርፋል። ጊዜው ካለፈና ግንዱም ከደረቀ እሳቱ ሁሉንም ይበላዋል፤ ስለዚህ ከአጨዳ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ከክምርና ከቤት ርቆ መደረግ አለበት። ለማገዶ ብቻ የሚከመር አገዳ ደግሞ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ተቃጥሎ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ሰኔ ድረስ ጓሮ የሚቆም ክምር ለመንደሩ ሁሉ የእሳት ራት ማምረቻ ይሆናል።

ጉቶውም አይረሳ። ከታችኛው አንጓ በታች የሚቀሩት ትሎች ቀላል ስላልሆኑ ማሳውን ከአጨዳ በኋላ አርሶ ጉቶውን ገልብጦ ለፀሐይ ማጋለጥ፣ እርጥበት ኖሮ የሚያቆጠቁጠውንም ነቅሎ ለከብት መስጠት ያስፈልጋል። የዚህ አማራጭ ድክመቱ አንድ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢደክም ከጎረቤት ክምር የሚወጣው የእሳት ራት ይመጣበታል። በቀበሌ ደረጃ፣ ቢያንስ በአንድ መስክ ባሉ ባለማሳዎች መካከል መስማማት ከተቻለ ግን ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው።

በሣርና በደስሞዲየም መሳብና መግፋት

ፑሽ ፑል በመባል የሚታወቀው ይህ ዘዴ ኬንያ ውስጥ በኢሲፔ የምርምር ማዕከልና በአጋሮቹ የተቀመረ ነው። በበቆሎው ወይም በማሽላው ረድፎች መካከል የሚዘራው ደስሞዲየም የተባለ የመኖ ተክል በጠረኑ የእሳት ራቷን ያባርራል፤ በማሳው ዙሪያ በሦስት ረድፍ የሚተከለው ዝሆኔ ሣር ደግሞ ይስባታል። ዝሆኔ ሣሩ ላይ እንቁላል ብትጥልም ትናንሾቹ ትሎች ሣሩን ሲበሱት በሚያመነጨው ሙጫ መሰል ፈሳሽ ተይዘው ብዙዎቹ ይሞታሉ። ዝናብ አጠር ለሆነ ቦታ ከዝሆኔ ሣር ይልቅ ሙላቶ ሁለት የተባለው የብራኪያሪያ ሣር ዝርያ፣ ከግሪንሊፍ ደስሞዲየም ጋር ይመከራል።

ዘዴው ሁለት ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ሁለቱም ተክሎች ጥሩ መኖ ናቸው፤ ደስሞዲየም ደግሞ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን አቀንጭራ የተባለ ጥገኛ አረም ያዳክማል። አቀንጭራ ባለበት ማሳ ይህ ብቻ ሚዛኑን ሊያጋድል ይችላል። ሆኖም እኛ ዘንድ ሁለት እንቅፋት ይገጥመዋል። አንደኛው እንደገና ልቅ ግጦሽ ነው፤ ሁለቱም ተክሎች ዓመት ከዓመት የሚኖሩ ስለሆኑ ካልታጠሩ በበጋው ያልቃሉ። ሁለተኛው ሽልሻሎ ነው። ማሽላን በብተና ዘርቶ ጉልበቱ ሲደርስ በበሬ ሸልሽሎ የሚያሳሳ ገበሬ ደስሞዲየሙን በዚያው ማረሻ ይነቅለዋል። ፑሽ ፑልን የሚመርጥ ሰው በረድፍ መዝራትንና በእጅ መኮትኮትን አብሮ መምረጡን ይወቅ። የመጀመሪያው ዓመት ሥራው የሚበዛበትና ውጤቱ የማያስደስትበት ነው፤ የደስሞዲየም ዘርም ውድና በቀላሉ የማይገኝ ነው።

ስለ ሽልሻሎ ካነሣን አይቀር፦ ከሽልሻሎ በኋላ የሚሳሳውን ተክል ስንመርጥ የመሃል ቅጠላቸው የደረቁትን አስቀድሞ ነቅሎ፣ ማሳው ዳር ሳይጥሉ፣ በዚያው ቀን ለከብት ማብላት ምንም ወጪ የሌለው ቁጥጥር ነው።

ኒምና አመድ

በቆላ ከተሞች ለጥላ የሚተከለው የኒም ዛፍ ፍሬ አዛዲራክቲን የተባለ የትሉን መብላትና መቅረፍ የሚያውክ ንጥረ ነገር አለው። ፍሬው በጥላ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በቁንጥር እንብርቱ ውስጥ ይጨመራል፤ ወይም በውኃ አድሮ ተጣርቶ ይረጫል። ፀሐይ ቶሎ ስለሚያደክመው ወደ ማታ መጠቀምና በሳምንት ውስጥ መድገም ያሻል። እንደ ኬሚካሉ ሁሉ ትሉ አገዳ ውስጥ ከገባ አይረዳም። አመድና ደቃቅ አፈር እንብርት ውስጥ መጨመርም ትናንሽ ትሎችን ሊቀንስ ይችላል፤ ለጓሮ በቆሎ እንጂ ለሰፊ ማሳ ግን የሚሞከር አይደለም።

የዘር ጊዜና ዝርያ

መስኩ በሙሉ በአንድ ሰሞን ቢዘራ የእሳት ራቷ በተከታታይ ጨቅላ ተክል አታገኝም፤ ዘግይቶ ብቻውን የተዘራ ማሳ ግን የአካባቢውን ሁሉ ይሰበስባል። «መልካም»ና «ግራና አንድ»ን የመሳሰሉ ቶሎ የሚደርሱ የተሻሻሉ የማሽላ ዝርያዎች ዝናብ ሲያጥር ይጠቅማሉ፤ ለቆርቁር መድኃኒት ናቸው ብሎ መግዛት ግን ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ አገዳቸው ከአገሬው ረጅም ማሽላ ያጥራል፤ አገዳው ለግድግዳና ለማገዶ ለሚፈለግበት ቤት ይህ ትንሽ ኪሳራ አይደለም።

ትሉን የሚያጠቁ ኮቴሲያ የተባሉ ጥቃቅን ተርቦችም አሉ፤ እንቁላላቸውን ትሉ ሰውነት ውስጥ ይጥላሉ። ገበያ ላይ የሚገዙ ስላልሆኑ ምርጫው ያሉትን በርጭት አለመጨረስ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ትሉን የሚያገኘው | ጥሬ ገንዘብ | ጉልበት | አገዳው | አደጋ | ብቻን ይሠራል? |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ኬሚካል | እንብርት ውስጥ ሳለ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ይተርፋል | ከፍተኛ | አዎ፣ በጊዜው ከሆነ |
| አገዳን ለፀሐይ ማጋደም | በበጋ እንቅልፍ ላይ | የለም | ከፍተኛ | ለመኖ ይተርፋል | የለም | በከፊል |
| በቀላል እሳት ማለብለብ | በበጋ እንቅልፍ ላይ | የለም | መካከለኛ | ለግንባታና ማገዶ ይተርፋል | የቃጠሎ ስጋት | በከፊል |
| ፑሽ ፑል | እንቁላል ስትጥል | በመጀመሪያ ዓመት ከፍ ያለ | በመጀመሪያ ዓመት ከፍተኛ | ይተርፋል፣ መኖም ይጨምራል | የለም | አዎ፣ ከታጠረ |
| ኒም | እንብርት ውስጥ ሳለ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ይተርፋል | ዝቅተኛ | በትንሽ ማሳ |
| የዘር ጊዜን ማስተካከል | እንቁላል ከመጣሏ በፊት | የለም | ዝቅተኛ | እንደ ዝርያው | የለም | አይሠራም |

ለየትኛው ቤት የትኛው?

ጥሬ ገንዘብ ለሌለውና ሁለት ሦስት ከብት ላለው የማሽላ ገበሬ ቅድሚያው አገዳውን ማጋደም፣ ጉቶውን መገልበጥና የደረቁትን በሽልሻሎ ጊዜ መንቀል ነው። ለዚህ ቤት የኬሚካል ግዢ ከብድር ጋር የሚመጣ ከሆነ አልመክርም።

በሮቢ ወይም በጀውሃ ወንዝ ዳር በመስኖ በቆሎ እያመረተ እሸት የሚሸጥ ሰው ሁኔታው ይለያል። ማሳው ዓመቱን በሙሉ ለምለም ስለሆነ የእሳት ራቷ ትውልድ አይቋረጥበትም፤ የሚሸጠውም የተበሳ እሸት ገበያ አያገኝም። እንዲህ ላለው ሰው በየሳምንቱ ቆጥሮ በጊዜው መርጨት ትርጉም አለው፤ ግን እሸት ስለሚበላ የጥበቃ ቀናቱን በጥብቅ ያክብር፤ በመካከልም ማሳውን ለጥቂት ሳምንታት ከበቆሎ ውጪ በሆነ ሰብል፣ ለምሳሌ በሽንኩርት ወይም በማሾ ያሳርፍ።

የወተት ላም ያለው፣ ማሳው ለቤት ቅርብና የታጠረ፣ አቀንጭራም ያስቸገረው ሰው ፑሽ ፑልን በግማሽ ጥማድ ቢጀምር ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መኖው ብቻ ድካሙን ይክሰዋል። አጥር ለሌለው ግን ገንዘብ መጣል ነው።

በጓሮው ሸንኮራ አገዳ ለሚያበቅል ሰው ርጭት ከሁሉም ያነሰ ጥቅም አለው፤ ትሉ በወፍራም ግንድና በደረቁ ቅጠሎች ተሸፍኗል። በአፍሪካ ሸንኮራ ላይ የሚታወቀው ኤልዳና እንቁላሉን በደረቁ ቅጠሎች ሥር ስለሚደብቅ እነዚህን ቅጠሎች ልጦ ማንሣት፣ ሸንኮራው ሳያረጅ በወቅቱ መቁረጥ፣ ማዳበሪያ አለማብዛትና ውኃ አለማስጠማት ይቀድማል። ለተከላ የሚቆረጠው ቁራጭ ደግሞ አንድም ቀዳዳ ወይም የቀላ ቦይ ካለበት አይተከል።

አገዳውን ለማጋደም የወሰነ ሰው መቼ እንደሚያነሣው በቀን ቁጥር ብቻ አይመራ። አራት ሳምንት ሲሞላ ከተለያየ ቦታ አሥር ያህል አገዳ አንሥቶ እስከ ሥሩ ድረስ በቢላ ይሰንጥቅ። ትሎቹ ደርቀውና ጠቁረው ከተገኙ ክምሩን መሥራት ይቻላል፤ ከአሥሩ በአንዱ ውስጥ ሲነኳት የምትጠማዘዝ ትል ካለች አገዳውን ገልብጦ ሌላኛውን ጎኑን ለፀሐይ በማዞር አንድ ሳምንት ይጨምርለት።